ከእረፍት በኋላ ወደ ክለብ ስፒድ፦ በአንድ ጥያቄ ውስጥ ያሉ ሁለት መመለሶች

ጉዳት፣ ወሊድ፣ ሕመም፣ የሥራ ጫና ወይም እንዲሁ መሰላቸት ከልምምድ ያራቀው ሯጭ ሊመለስ ሲያስብ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ይመስላል፤ ከቡድኑ ጋር ስፒድ መሥራት የምጀምረው መቼ ነው? ጥያቄው ግን ሁለት ጉዳዮችን በአንድ ገመድ ያስራል። አንደኛው፣ ሰውነት ፈጣን ሩጫን ዳግም መሸከም የሚችለው መቼ ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ በሌሎች ሰዎች መካከል፣ ሌሎች በያዙት ሰዓት መሮጥ መቼ ይጠቅማል፣ መቼስ ይጎዳል የሚለው ነው። የመጀመሪያውን የሰውነት አሠራር ተመራማሪዎችና አሰልጣኞች ለዘጠና ዓመት ያህል ተከራክረውበታል። ሁለተኛውን የያዙት በአብዛኛው የሥነ ልቦናና የማኅበረሰብ አጥኚዎች ናቸው። ሁለቱ ወገኖች እምብዛም አይነጋገሩም፤ ሯጩ ግን ሁለቱንም በአንድ ጠዋት ይጋፈጣቸዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍጥነቱን ማን ይወስን ነበር?

በ1930ዎቹ ስዊድናዊው አሰልጣኝ ጎስታ ሆልመር ፋርትሌክን ሲያስፋፋ ያሰበው በጫካና በኮረብታ መንገድ ፈጠን፣ ዘገም እያሉ መሮጥን ነበር። ርቀቱን በሜትር የሚለካ የለም፤ መቼ መፍጠን፣ መቼ መቀዝቀዝ እንዳለበት በአብዛኛው የሚወስነው ሯጩ ራሱ ነው። በዚህ ዓይነት ልምምድ የዳበሩት ጉንደር ሄግና አርነ አንደርሰን ከ1942 እስከ 1945 የማይልን ክብረ ወሰን እየተነጣጠቁ እስከ 4:01.4 አወረዱት።

በዚያው ዘመን ጀርመን ውስጥ፣ ፍራይቡርግ ላይ፣ አሰልጣኝ ቮልደማር ጌርሽለርና የልብ ሐኪሙ ሃንስ ራይንዴል ነገሩን ወደ መምና ወደ ሰዓት አመጡት። ሯጩ አጭር ርቀት በፍጥነት ይሮጣል፤ የልብ ምቱ በደቂቃ ወደ 180 ይጠጋል፤ ከዚያ እረፍት ይወስዳል። በ90 ሰከንድ ውስጥ ምቱ ወደ 120 ካልወረደ ሥራው በዝቶበታል ማለት ነው። ጌርሽለር ያሠለጠነው ሩዶልፍ ሀርቢግ በ1939 ሚላን ላይ 800 ሜትርን በ1:46.6 ጨርሶ ዓለምን አስደንቋል። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ፤ ይህ ኢንተርቫል የተባለው ዘዴ ሲጀመር የአንድ ሰው ልምምድ ነበር፣ ልኩም የዚያው ሰው ልብ ነበር። ዛሬ በየክለቡ የምናውቀው «ስምንት ጊዜ አንድ ሺህ፣ ሁሉም በ3:20» የሚለው ትእዛዝ ልምምዱ የቡድን ከሆነ በኋላ የመጣ ልማድ ነው።

ሃንጋሪያዊው ሚሃይ ኢግሎይ ለዚህ ችግር የራሱ መልስ ነበረው። ሯጮቹን በአንድ ላይ ያሠለጥናል፣ ግን መም ዳር ቆሞ ለእያንዳንዱ ሯጭ የሚቀጥለውን ዙር ፍጥነትና ብዛት በተናጠል ይነግረዋል። በ1955 ኢሃሮሽ፣ ታቦሪና ሮዛቮልጊ በእሱ ሥር የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሰባብረዋል። ዘዴው ሠርቷል፤ ነገር ግን የአንድን አሰልጣኝ ዓይን ሙሉ በሙሉ የሚጠይቅ በመሆኑ ሠላሳና አርባ አባል ላለው ክለብ አልተዘረጋም።

የኒውዚላንዱ አርተር ሊዲያርድ ደግሞ ከሌላ ጫፍ መጣ። የእሱ ሯጮች ወራት ሙሉ በሳምንት 160 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አብረው እየሮጡ መሠረት ይጥላሉ፤ የመም ፍጥነት የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ብቻ ነው። በ1960 ሮም ላይ ፒተር ስኔል 800 ሜትርን፣ መሪ ሃልበርግ 5,000 ሜትርን በአንድ ቀን ከሰዓት ሲያሸንፉ ትምህርቱ በዓለም ተሰራጨ። በሊዲያርድ ሥርዓት ቡድኑ በዋናነት የሚያስፈልገው ለረጅሙና ለዝግታው ሩጫ ነበር። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለሳለን።

ስለ እረፍት የሚነገረው የታወቀው የእንግሊዞች ታሪክም ከዚሁ ዘመን ነው። ሮጀር ባኒስተር፣ ክሪስ ብራሸርና ክሪስ ቻታዌይ በ1954 መጀመሪያ ላይ አሥር ጊዜ ሩብ ማይል አብረው ይሠሩ ነበር፤ አማካዩ 61 ሰከንድ ላይ ደርሶ አልወርድ አላቸው። ባኒስተርና ብራሸር ልምምዱን ትተው ለጥቂት ቀናት ወደ ስኮትላንድ ተራራ ሊወጡ ሄዱ። ሲመለሱ ያንኑ ሥራ በ59 ሰከንድ ሠሩት፤ ግንቦት 6 ቀንም ባኒስተር ማይሉን በ3:59.4 ሮጠ። ታሪኩ እረፍት ያፈጥናል ለሚሉ ሰዎች መጠቀሚያ ሆኗል። ሆኖም የቀናት እረፍትና የወራት እረፍት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ድካምን ያራግፋል፣ ሌላው ብቃትን።

የአገራችን ክለብ

ኢትዮጵያ ውስጥ የሩጫ ክለብ ከጅምሩ የተቋም ልጅ ነው። አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ያሠለጠነውም ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት መከላከያ፣ ኦሜድላ፣ መብራት ኃይል፣ ንግድ ባንክ፣ ሙገር ሲሚንቶ የአንድ መሥሪያ ቤት ስምና ደመወዝ የያዙ ክለቦች ናቸው። አውሮፓ ውስጥ ክለብ ማለት በአብዛኛው ከሥራ በኋላ መዋጮ ከፍሎ የሚሮጡበት ማኅበር ነው፤ እዚህ ክለብ ራሱ ሥራ ነው። ስለ መመለስ ስናወራ ይህ ልዩነት መዘንጋት የለበትም። ከጉዳት የሚመለስ የክለብ አትሌት ኮንትራቱና የውድድር ምርጫው በሰዓቱ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ «ቀስ ብለህ ግባ» የሚለው ምክር ለእሱ ዋጋ ያስከፍላል። ቅዳሜ ጠዋት መስቀል አደባባይ ላይ ለሚሰበሰበው፣ ለታላቁ ሩጫ ለሚዘጋጀው የቢሮ ሠራተኛ የሚያስከፍለው ኩራቱን ብቻ ነው። ሁለቱን በአንድ መመሪያ መዳኘት አይቻልም።

የልምምዱ መልክ ግን ከሁለቱም ጋር የሚዛመድ ነገር አለው። እንግሊዛዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ማይክል ክራውሊ አዲስ አበባ ከአትሌቶች ጋር እየኖረና እየሮጠ ያጠናውን በ2020 በመጽሐፍ አሳትሟል። ትኩረቱን የሳበው ኢትዮጵያውያን ሯጮች አብሮ መሮጥን የሚያዩበት ዓይን ነው። በሰልፍ ተከታትሎ፣ ከፊት ያለውን እግር እየተከተሉ መሮጥ፣ ፊት የመምራቱን ሸክም በተራ መውሰድ፣ ለብቻ መሮጥን ለጤና እንጂ ለለውጥ አይሆንም ብሎ ማመን፣ እነዚህን ሁሉ መዝግቧል። ሯጮቹ «ኮንዲሽን» የሚሉት ነገር ብቻን የሚገነባ አይደለም፤ ከሌሎች ጋር፣ በሌሎች እግር ላይ የሚመጣ ነው።

ቦታ መምረጥም የዚህ ጥበብ አካል ነው። እንጦጦ ጫካ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ የሚፈለገው ዝግታ ነው። ሱሉልታና ሰንዳፋ ኮረኮንችና አስፋልት አላቸው። ፈጣን አስፋልት ሲታሰብ ዝቅና ሞቅ ወዳለው አቃቂ ይወረዳል። ጥሩ አሰልጣኝ ለሚመለስ ሯጭ ሰዓት ከመቁረጡ በፊት ቦታ ይቆርጥለታል፤ እንጦጦ ላይ ማንም ቢሆን እንደ ልቡ ሊፈጥን አይችልምና። ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ ለእረፍት መጥቶ ሱሉልታ ላይ ከቡድን ጋር ስፒድ የሚገባ የዲያስፖራ ሯጭ በአንጻሩ በሁለት በኩል ይቀጣል። በልምምድ ባይደክምም እንኳ ከፍታው ብቻውን የኦክስጅን አቅሙን በአሥር በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንስበታል፤ የሚከተለው ቡድን ደግሞ ያን አየር የለመደ ነው።

ከመመለስ ጋር የተያያዙት የአገራችን ታላላቅ ታሪኮች ይታወቃሉ። አበበ በ1964 ቶኪዮ ላይ 2:12:11.2 ሮጦ ሲያሸንፍ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ 40 ቀን እንኳ አልሞላውም። ደራርቱ ቱሉ በ1998 ወልዳ በ2000 ሲድኒ ላይ የ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደች፤ በ2009ም ኒውዮርክን አሸነፈች። ኃይሌ ገብረሥላሴ ከሲድኒ በኋላ የተረከዝ ጅማቱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በ2001 ኤድመንተን ላይ በ10,000 ሜትር ሦስተኛ ወጣ። አልማዝ አያና ከጉዳትና ከወሊድ በኋላ በ2022 አምስተርዳም የመጀመሪያ ማራቶኗን በ2:17:20 አሸነፈች። ትዕግሥት አሰፋ የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች፤ የተረከዝ ጅማት ጉዳት ከስፓይክ ጫማ ሲያርቃት ወደ ጎዳና ሄደች፣ በ2023 በርሊን ላይም 2:11:53 ሮጠች።

እነዚህ ታሪኮች ልብ ያሞቃሉ፤ እንደ ማስረጃ ግን ጠንቃቃ መሆን ያሻል። የምንሰማው የተመለሱትን ነው። በዚያው ሳምንት፣ በዚያው መም ላይ ቸኩለው ገብተው ዳግም ያልተነሱት ስማቸው በየትም አልተጻፈም።

ምን ይወርዳል? ምን ይቆያል?

ስለ እረፍት ውጤት ከተሠሩት ጥናቶች ሁሉ በብዛት የሚጠቀሰው ኤድዋርድ ኮይልና ባልደረቦቹ በ1984 ያወጡት ነው። በጽናት ስፖርት በደንብ የሠለጠኑ ሰዎች ልምምድ ሲያቆሙ ከፍተኛ የኦክስጅን አቅማቸው በ21 ቀን 7 በመቶ፣ በ84 ቀን 16 በመቶ ወረደ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውድቀት በዋናነት የልብ ጉዳይ ነው፤ በእያንዳንዱ ምት የሚረጨው ደም ያንሳል። ያው ቡድን በ1986 እንዳሳየው ለዚህ ትልቁ ምክንያት የደም መጠን መቀነሱ ነው፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ 9 በመቶ ገደማ ይወርዳል። መልካሙ ዜና ደግሞ ፈሳሹ የደም ክፍል ልምምድ ሲጀመር ቶሎ የሚመለስ መሆኑ ነው። ለዚህ ነው የተመለሰ ሯጭ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት «ትንፋሼ መጣ» የሚለው።

አደጋው የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው። ትንፋሽ ሲመጣ እግር ገና አልመጣም። ጅማት ከጡንቻ ይልቅ ዝግ ብሎ ይለወጣል፤ አጥንት አሮጌውን አፍርሶ አዲስ ለመገንባት ወራት ይፈልጋል። በዚያ ላይ ፍጥነት ጫናውን የሚጥልበት ቦታ አለ። ቲም ዶርን፣ አንቶኒ ሻኬና ማርከስ ፓንዲ በ2012 እንዳሳዩት ሰው እስከ ሴኮንድ 7 ሜትር ድረስ ሲፈጥን ይበልጥ የሚገፋው በባቱ ጡንቻ ነው፤ የዳሌ ጡንቻዎች ተራውን የሚረከቡት ከዚያ በላይ ሲፈጠን ነው። የክለብ ኢንተርቫል ደግሞ፣ ከአጭር ርቀት ሯጮች በቀር፣ በአብዛኛው ከዚያ በታች ነው። እናም ከወራት ዝግታ በኋላ ወደ ስፒድ የገባ ሰው ባቱንና የተረከዝ ጅማቱን ቢያመው የሚያስገርም ነገር የለውም፤ ሥራው በቀጥታ የወደቀው እዚያ ላይ ነው።

ጡንቻ ግን የራሱ ማስታወሻ አለው። ጡንቻን የሚያደክም ሥራ አንዴ የሠራ ሰው ሁለተኛው ዙር ያነሰ ሕመም ያመጣበታል፤ ጃፓናዊው ካዙኖሪ ኖሳካና ባልደረቦቹ ይህ ጥበቃ በክንድ ጡንቻ ላይ እስከ ስድስት ወር እንደሚቆይ፣ ከዚያ በኋላ ግን እየጠፋ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ከክንድ ወደ ባት መዝለል ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። የሦስት ወር እረፍትና የአንድ ዓመት እረፍት ለጡንቻ አንድ አይደሉም።

መሠረት ይቅደም ወይስ ፍጥነት?

እዚህ ላይ አሰልጣኞች በሁለት ይከፈላሉ። የሊዲያርድ ወራሾች መጀመሪያ ኪሎ ሜትር፣ ኋላ ፍጥነት ይላሉ፤ ለሳምንታት በዝግታ ሮጦ እግርን ማጠንከር፣ ከዚያ ኮረብታ፣ ከዚያ መም። ሌላው ወገን ፍጥነትን ጨርሶ መተው ስህተት ነው ይላል፤ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በጥቂቱ፣ በመቶ ሜትር ውስጥ ቀስ በቀስ እየተፈጠነ የሚሄድ አጭር ሩጫ መግባት አለበት ባይ ነው።

ሁለተኛው ወገን አንድ ጠንካራ ምርኩዝ አለው። ሮበርት ሂክሰን በ1980ዎቹ ባደረጋቸው ተከታታይ ሙከራዎች የልምምድን ብዛትና ርዝመት በብዙ ቀንሶ ጥንካሬውን ብቻ ያቆየ ሰው የኦክስጅን አቅሙን ለወራት ይዞ መቆየት ችሏል። ጥንካሬው ሲቀንስ ግን የቀረው ቢቆይም አቅሙ ወርዷል። ሆኖም የሂክሰን ሰዎች ልምምድ የቀነሱ እንጂ ያቆሙ አልነበሩም፤ ከጉዳትም አልተመለሱም። ምርኩዙ ልምምድ ለሚያሳንሰው እንጂ ለሚመለሰው በቀጥታ አይሆንም። የሊዲያርድ ወገንም ቢሆን ብዙ የሚመካው በአሸናፊዎቹ ታሪክ ነው።

አሜሪካዊው አሰልጣኝ ጃክ ዳንኤልስ ከሁለቱ መካከል የሚሄድ ሠንጠረዥ አዘጋጅቷል። እረፍቱ ከ6 እስከ 28 ቀን ከሆነ፣ ያመለጠውን ጊዜ ያህል የሚረዝም የመመለሻ ጊዜ ይያዛል፤ የመጀመሪያው ግማሽ በቀድሞው ጫና 50 በመቶ፣ ሁለተኛው ግማሽ በ75 በመቶ። ፍጥነቱም የሚሰላው ከቀድሞው ምርጥ ሰዓት ሳይሆን ከዛሬው አቅም ነው። ቁጥሮቹ ከሙከራ የወጡ ሳይሆኑ የልምድ ፍሬ ናቸው፤ ቢሆንም በእኔ ግምት ለተራ የክለብ ሯጭ እስካሁን ከቀረቡት ሁሉ ይህ ይሻላል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስንል ቀስ በቀሱ በሳምንት በመቶ ስንት እንደሆነ የጠየቀን የለም። የስፖርት ሳይንስ ግን ቁጥር ተጠየቀ፤ ለረጅም ጊዜም 10 በመቶ ሲል መለሰ። በ2008 ኔዘርላንድስ ውስጥ፣ ግሮኒንገን ላይ፣ ይህ ደንብ በጀማሪ ሯጮች ተፈተነ። በ13 ሳምንት ቀስ እያሉ ያደጉት 20.8 በመቶ፣ በ8 ሳምንት ፈጠን ብለው ያደጉት 20.3 በመቶ ተጎዱ፤ ልዩነት የለም። በ2014 የዴንማርኩ ራስሙስ ኒልሰን 874 ጀማሪዎችን ተከታትሎ በሁለት ሳምንት ከ30 በመቶ በላይ የጨመሩ ሰዎች ለአንዳንድ ጉዳቶች ይበልጥ ተጋላጭ መሆናቸውን አገኘ። ቲም ጋበት በ2016 የቅርቡን ሳምንት ጫና ከወሩ አማካይ ጋር ማነጻጸርን አስፋፋ፤ ፍራንኮ ኢምፔሊዜሪና ሌሎች ደግሞ ስሌቱ ራሱ የተሳሳተ ነው ብለው ተነሡበት። በ2025 ከ5,200 በላይ ሯጮችን በሰዓታቸው የተከታተለ ጥናት ትኩረቱን ከሳምንት ወደ አንድ ቀን አዞረው። አደጋውን ያሳደገው የሳምንቱ ድምር አልነበረም፤ በአንድ ልምምድ ላይ ባለፉት 30 ቀናት ከሮጡት ረጅሙ ርቀት ከ10 በመቶ በላይ አልፎ መሮጥ ነበር።

ይህ የመጨረሻው ውጤት ለክለብ ስፒድ ትልቅ ትርጉም አለው ባይ ነኝ፤ ምንም እንኳ የለካው ርቀትን እንጂ ፍጥነትን ባይሆንም። የቡድን ስፒድ ቀን ባሕርዩ የአንድ ቀን ዝላይ ነው። ማሟሟቂያው፣ ዋናው ሥራ፣ መካከል ያለው ዱብዱብ፣ ማቀዝቀዣው ተደምሮ ብዙ ጊዜ 14 እና 15 ኪሎ ሜትር ይሞላል። ሳምንቱን ሙሉ አምስትና ስድስት ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የከረመ ተመላሽ ፍጥነቱን ቢቆጥብ እንኳ በርቀቱ ብቻ ከልኩ ያልፋል።

ቡድኑ የሚሰጠውና የሚወስደው

በ1898 ኖርማን ትሪፕሌት ብስክሌተኞች ከሌሎች ጋር ሲጋልቡ ለብቻቸው ከሚጋልቡት እንደሚፈጥኑ ከጻፈ ወዲህ ሰው መኖሩ ብርታት እንደሚጨምር ይታመናል። ለተመላሽ ሯጭ የሚቀርበው ግን ሌላ ግኝት ነው። ጀርመናዊው ኦቶ ኮለር በ1920ዎቹ በርሊን ውስጥ ቀዛፊዎችን ሲያጠና ደካማው አባል ከእሱ በመጠኑ ከሚበልጥ ሰው ጋር ሲጣመር ለብቻው ከሚችለው በላይ እንደሚገፋ አየ። ልዩነቱ እጅግ ሲሰፋ ግን ትርፉ ይጠፋል። ዲቦራ ፌልትዝና ባልደረቦቿ ከ2011 ጀምሮ በአካል እንቅስቃሴ ላይ ደግመው አረጋግጠውታል። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በ2010 ደግሞ አብረው በአንድ ምት የቀዘፉ ሰዎች ለብቻቸው ከቀዘፉት ይልቅ ሕመምን የመቻል አቅማቸው ከፍ ማለቱን መዝግበዋል።

ተመላሹ ሯጭ እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሃል ነው። በቡድኑ ውስጥ ደካማው እሱ ነው፤ ስለዚህ ከሁሉ ይበልጥ የሚገፋው እሱ ይሆናል። ሕመምም ከሁሉ ያነሰ የሚሰማው ያኔ ነው። ለተራ ሯጭ በረከት የሆነው ነገር ጅማቱ ገና ላልጠና ሰው የማስጠንቀቂያ ደወሉን የሚያጠፋ ሊሆን ይችላል። ይህን በቀጥታ የፈተነ ሙከራ ላይ የቆመ አባባል አይደለም፤ ከሁለት ዘርፍ የተሰበሰበ ማስረጃ ጎን ለጎን ሲቀመጥ የሚያመለክተው አቅጣጫ ነው።

ከሌላ ሯጭ ኋላ ሆኖ ከነፋስ የመከለል ጥቅም ከዚህ ይለያል፤ እሱ ሊለካ ይችላል። ግሪፊዝ ፑ በ1971 እንዳሳየው በመካከለኛ ርቀት ፍጥነት አንድ ሜትር ከኋላ ተከትሎ የሚሮጥ ሰው ከፊት ካለው ይልቅ 6 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ይቆጥባል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ በአምስተኛ እጅ ያህል ስለሚሳሳ ቁጠባው ያንሳል፤ ዝግ ብሎ ለሚሮጥ ሰውማ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ አበሻ ሯጭ «ከኋላ ስሆን ይቀለኛል» ሲል ከነፋሱ ይልቅ ሐሳቡ ማረፉ ሳይሆን አይቀርም፤ ፍጥነት የመወሰን ሸክሙ የሌላ ሰው ነውና።

ቡድን የሚወስደው ደግሞ ልክን ነው። ካርል ፎስተርና ባልደረቦቹ በ2001 አሰልጣኞች ያቀዱትንና አትሌቶች የሠሩትን አነጻጽረው ነበር። አሰልጣኙ ቀላል ባለው ቀን አትሌቶች ከብደው ሠርተዋል፣ ከባድ ባለው ቀን ደግሞ አቅልለዋል። በ2017 ሲናን አራልና ክሪስቶስ ኒኮላይደስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሯጮች መዝገብ አጥንተው ሩጫ ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ አሳዩ፤ አስገራሚው ነገር ጥቂት የሚሮጡት ብዙ የሚሮጡትን መቀስቀሳቸው፣ ተቃራኒው ግን አለመታየቱ ነው። የተመለሰ ሰው ቡድኑን ከኋላ እያየ ይነሣሣል እንላለን፤ ቡድኑም ከኋላው የሚመጣውን እየሰማ ይፈጥናል። የማቀዝቀዣው ዱብዱብ ሳይቀር ውድድር ሲሆን ያየ ይህን አይክድም።

ዛሬ የሚያከራክረው

ኖርዌጂያኖች ሌላ መንገድ አሳይተዋል። ማሪየስ ባከን ያስጀመረውና በኢንገብሪግትሰን ወንድማማቾች ዓለም ያወቀው ልምምድ አብሮ ይሠራል፣ ነገር ግን በየመሃሉ ከጣት ወይም ከጆሮ ጠብታ ደም ተወስዶ የጥረቱን መጠን የሚያሳየው ላክቴት ይለካል፤ ከልኩ ያለፈ ሰው ይቀዘቅዛል። የጌርሽለር የልብ ምት በአዲስ መሣሪያ መመለሱ ነው ማለት ይቻላል። የላክቴት መለኪያ ለሌለው ክለብ የሚቀረው የድሮው ፈተና ነው፤ ዙሩ አልቆ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያልቻለ ሰው በዝቶበታል።

በሕመም ላይም ክርክር አለ። ካሪን ሲልበርናገል በ2007 ባደረገችው ሙከራ የተረከዝ ጅማት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሕመሙ ከ10 ከ5 እስካላለፈና በማግስቱ ጠዋት እስከረገበ ድረስ መሮጣቸውን ቢቀጥሉ አልተጎዱም። ይህ ደንብ ለጅማት እንጂ ለአጥንት አይሠራም፤ አንድ ቦታ ላይ በጣት ተነክቶ የሚያም አጥንት ይዞ መሮጥ ስብራትን መጋበዝ ነው። ችግሩ ልዩነቱን የሚለየው ሰው መም ዳር አለመኖሩ ነው።

ለወለዱ ሴቶች በ2019 የወጣው የብሪታንያ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች መመሪያ ሩጫ ከ12 ሳምንት በፊት እንዳይጀመር ይመክራል፤ አዘጋጆቹ ራሳቸው ምክሩ ከሙከራ ይልቅ በባለሙያ ግምት ላይ የቆመ መሆኑን አልሸሸጉም። ስለ ስፒድ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው የተባለው። በካርቦን ሳህን የሚሠሩት ፈጣን ጫማዎችም አዲስ ጥያቄ አምጥተዋል። በ2023 አንድ የሐኪሞች ቡድን በእነዚህ ጫማዎች የሮጡ አምስት ሰዎች የእግር አጥንት ጉዳት ዘግቧል። አምስት ሰው ብዙ አያረጋግጥም፤ ነገር ግን ጫማው ያለ እግር ፈቃድ የቀድሞውን ሰዓት ሊመልስ የሚችል መሆኑ ለተመላሽ ሰው ስጋት ነው።

በ2020 ወረርሽኙ መጥቶ በአገራችን ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል ቡድኖች ተበትነው ነበር። ያኔ አንድ ነገር ታየ፤ ብዙ አትሌቶች ዝግ ያለውን ሩጫ ለብቻቸው መሥራት አላቃታቸውም፤ ከሁሉ ይበልጥ የከበዳቸው ስፒዱ ነበር። ሊዲያርድ ቡድኑን ለረጅሙ ሩጫ ሲፈልገው የእኛ አትሌት ለፈጣኑ መፈለጉ ተመላሹን አጣብቂኝ ውስጥ ያስገባዋል፤ ቡድን የሚያስፈልገው በመሰለበት ቀን ቡድን የሚጎዳበት ቀን ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቼ የምደርስበት ፍርድ ወደ ቡድን መመለስና ወደ ስፒድ መመለስ በአንድ ቀን እንዳይሆኑ ነው። ቡድኑ ይቅደም። ተመላሹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማሟሟቂያውን፣ የጫካውን ሩጫ፣ ማቀዝቀዣውን ከሰዎቹ ጋር ይሥራ፤ አጫጭር መፍጠኖችን ለብቻው፣ በራሱ ልክ ይልመድ። ስፒዱ ሲመጣ በርቀት ሳይሆን በደቂቃ ይሁን፤ ሁሉም ሦስት ደቂቃ ሲሮጥ የፈጠነው በእረፍቱ ጊዜ ወደ ኋላ ዞሮ ዱብዱብ እያለ የዘገየውን ይቀበላል፣ ማንም በማንም ሰዓት አይጠየቅም። መም ላይ ከሆነ ከስምንቱ ዙር አራቱን፣ አንድ እየዘለሉ፣ ከራስ ትንሽ ከሚፈጥን ሰው ኋላ መሥራት ይበቃል። ምድቡም በቀድሞው ምርጥ ሰዓት መደልደል የለበትም፤ ያ ሰዓት ከእረፍቱ በፊት የነበረ ሌላ ሰው ሰዓት ነው።

አሰልጣኞች ለዚህ አንድ ቀላል ነገር ማድረግ ይችላሉ። የስፒዱን ቀን ሥራ ሲያስታውቁ ለተመላሾች የሚሆነውን ግማሽ ሥራ በይፋ አብረው ይናገሩ። ተመላሹ በራሱ ፈቃድ ቢያቆም እንደ ሽንፈት ይታይበታል፤ አሰልጣኙ አስቀድሞ ካወጀው ግን ልምምዱን ጨረሰ ይባላል።